የመድኃኒት ሙከራ ክፍል ውስጥ አለቃዬ ማን ነው?

ጠያቂ፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የክሊኒካል ትራያል አስተባባሪ ሆኜ ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ዋና ተመራማሪው አንድ ይለኛል፣ የክፍሉ ዳይሬክተር ሌላ። የማንን ልስማ?

መልስ 1፦ እንደ ጉዳዩ ነው ወዳጄ። ታካሚውንና ፕሮቶኮሉን (የሙከራውን የጽሑፍ ዕቅድ) የሚነካ ከሆነ ተጠያቂው ዋና ተመራማሪው ነው፤ ዳይሬክተሩ ሠራተኛ፣ በጀትና የአሠራር መመሪያ ነው የሚይዘው። ማን ምን እንዲሠራ እንደተወከለ የሚጻፍበትን የሥራ ውክልና መዝገብ ገልጠህ ከስምህ ትይዩ የተፈረመውን እይ፣ እዚያ ያልተሰጠህን አትንካ።

መልስ 2፦ ስታቲስቲሺያኑንስ፣ የጥናቱን ስሌት የሚሠራውን ባለሙያ? እኛ ጋ የተጠራው መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነበር። የናሙናው ቁጥር (የተሳታፊዎቹ ብዛት) ከመነሻው ተሳስቶ ቁጭ!

መልስ 3፦ የኦክስፎርዱን የኮቪድ ሙከራ ሪከቨሪን በ2020 ፕሮፌሰሮቹ ፒተር ሆርቢና ማርቲን ላንድሬይ በጋራ መርተውታል። ያም ሆኖ በመሀል ውጤቱን እያየ የሚመክረው ገለልተኛ ኮሚቴ ነበር።

ጠያቂ፦ መዝገቡን አየሁት። ስሜ የለም 😅