ለሳሎን ዎል ፓነል የቱ ይሻላል? ከየትስ ይገዛ? (ጥቆማ)

ሰላም ቤተሰብ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው፣ ሳሎኑን በቲቪው በኩል ዎል ፓነል ልናሰራ አስበን አንዱ ፒቪሲ ይላል ሌላው ኤምዲኤፍ ይላል ግራ ገባን። የምታውቁ እስቲ ጠቁሙኝ፣ ሰራተኛም ጭምር።

እህቴ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ፊኒሺንግ ስራ ላይ ስላለሁ የማውቀውን ልበልሽ፣ የሱቅ ስም ግን አልጠራም ምክንያቱም ዛሬ አሪፍ ዕቃ ያለው ሱቅ በሚቀጥለው ኮንቴነር ሌላ ነገር ይዞ ቁጭ ይላል።

ፓነል ከመምረጥሽ በፊት ግድግዳውን እዪው። ብሎኬቱ በውጪ በኩል ዝናብ የሚመታው ከሆነና ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ነገር የሚያወጣ ከሆነ እርጥበት አለ ማለት ነው፣ እሱ ሳይስተካከል ምንም ብትለጥፊበት ከኋላው ይሻግታል። እዛ ላይ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) በፍፁም! ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ደረቅ የውስጥ ግድግዳ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ኤምዲኤፍ ነው የማሰራው፣ አናጢው ከቲቪ ስታንዱ ጋር አንድ ላይ ያወጣልሻል፣ ሲሰለችሽ ቀለም ትቀይሪለታለሽ፣ ፒቪሲው (ፕላስቲኩ) ግን ከሰለቸሽ መንቀል ብቻ ነው።

አሁን ሁሉም ሰው ቤት ያለው ያ ባለ መስመሩ ፍሉትድ የሚባለው ነው። ሻጩ ሁሉንም "ደብሊውፒሲ (እንጨትና ፕላስቲክ ድብልቅ) ነው" ይልሻል፣ ውስጡ ግን ይለያያል። ቁራጭ አስመጪና ጫፉን እዪ፣ በእጅሽ መዝኚው። እንደ ፎም የሚቀል ከሆነ ፒኤስ (ፖሊስታይሪን የሚባል ቀላል ፕላስቲክ) ነው፣ ለሳሎን አይከፋም ግን ልጆች ካሉሽ በቀላሉ ይጎደጎዳል፣ እሳትም ይወዳል። ጠርዙን በጥፍርሽ ፋቅ ፋቅ አድርጊው፣ የላዩ ላስቲክ ከተነሳ ተይው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቁመቱ 2.90 ሜትር፣ ወርዱ 16 ሳንቲ ነው፣ ስለዚህ 4 ሜትር ግድግዳ 25 ፍሬ ይበላል። ጣሪያሽ 2.60 ከሆነ ከእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ተቆርጦ ይጣላል፣ የ7 ሜትር ተኩል ብር ወለል ላይ ቀረ ማለት ነው። እና ለምን ሙሉውን? ከቲቪው ኋላ 2 ሜትር ብቻ አሰሪና (13 ፍሬ ይበቃል) የቀረውን ጥሩ ቀለም ቀቢው፣ ጠባብ ሳሎን ላይ ዙሪያውን ፓነል ሲሆን ሆቴል ኮሪደር ነው የሚመስለው።

የማርብል ሺቱ (1.22 በ2.44 የሆነው ስስ ፒቪሲ) ሲያብረቀርቅ ያምራል፣ ለማጽዳትም ቀላል ነው፣ ግን ግድግዳው ቀጥ ካላለ እብጠቱን ሁሉ ያሳያል። ኪችን ላይ የሚያሰሩ አሉ፣ ከምድጃና ከምጣድ አርቁት ባካችሁ፣ ሙቀት ያጣምመዋል፣ ከተቃጠለ ደግሞ ጭሱ መርዝ ነው። እዛ ጋ ሴራሚክ ምን አለው?

አገር ቤት ያለውን የሚፈልግ ካለ ቀርከሃ አለ፣ ለጎጆ ስታይል ካፌ ብቻ አይደለም፣ ሳሎን ላይ በልኩ ሲገባ በጣም ያምራል። መድኃኒት የጠጣ መሆኑን ግን ጠይቂ፣ ካልሆነ ነቀዝ ይገባበትና ከስሩ ቢጫ ዱቄት ስትጠርጊ ትኖሪያለሽ።

ግዢውን በተመለከተ፣ ብዛት ካለሽ መርካቶና ተክለሃይማኖት ዞር ዞር በይ፣ ዋጋ ይሻላል ግን የመኪናና የጫኝ አውራጅ ያንቺ ነው፣ የተሰነጠቀ ቢወጣ መመለስም ጣጣ ነው። ኡራኤልና ሀያ ሁለት አካባቢ ያሉት ወደድ ይላሉ ግን ተሰርቶ ታዪዋለሽ፣ መግጠሙንም የሚጨምሩ አሉ። ቴሌግራም ላይ ያየሽውን ፎቶ አትመኚ፣ በመብራት የተነሳ ነው። ዋጋ ላይ ደግሞ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የባለፈው ወር ፕሮፎርማ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ጠይቂ። በዛ ላይ 2 ፍሬ መጠባበቂያ ጨምረሽ ባንዴ ግዢ፣ በኋላ ያንኑ ከለር አታገኚውም።

እሺ በጣም አመሰግናለሁ! ያገኘሁት ሰራተኛ ልጅ ግን ለመለጠፍ ሲሊኮን ብቻ ይበቃል አለኝ፣ እውነት ነው?

ለስላሳና ቀጥ ያለ ልስን ከሆነ ይይዛል። የሚቦንን የቆየ ቀለም ላይ ግን ሲሊኮኑ የሚይዘው ቀለሙን ነው፣ ከነቀለሙ ተላቆ ይመጣል። ለኤምዲኤፍና ለተጣመመ ግድግዳ መጀመሪያ ሞራሌ (ጠርብ እንጨት) በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ይምታ፣ የእጅ ዋጋውም በካሬ ይሁን እንጂ በቀን አይሁን፣ ቀብዱን ከግማሽ አታሳልፊ። ቲቪውንም ፓነሉ ላይ እንዳይሰቅለው፣ ብሎኑ ብሎኬቱ ድረስ ይግባ። ደግሞ ከመዝጋቱ በፊት ለኤችዲኤምአይና ለዲሽ ገመድ ቱቦ ያስገባ፣ ሶኬቱንም ወደፊት ያውጣው፣ አለበለዚያ ዲሽ የሚገጥመው ልጅ ሲመጣ አዲሱን ፓነል ነው የሚበሳልሽ።