ጥቆማ፦ ለፎቶ አንሺ ትምህርትና ኤዲቲንግ ገንዘብና ጊዜ የት ቢውል ይሻላል?

ዐቢይ ጾም ሲገባ የሰርግ ሥራ ይቀዘቅዛል። ከእኛ መካከል አብዛኛው በሰርግና በመልስ የሚተዳደር በመሆኑ፣ እነዚህ 55 ቀናት የተጠራቀመ አልበም የሚጠናቀቅባቸውና «ዘንድሮስ ምን ልማር?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳባቸው ናቸው። ሰሞኑንም አንድ ወጣት የሙያ ባልደረባችን፣ በጥር ሠርቶ ባጠራቀማት ገንዘብ አዲስ ሌንስ ቢገዛ፣ ማሰልጠኛ ቢገባ ወይስ ለኤዲቲንግ ሶፍትዌር ቢከፍል እንደሚሻለው ጠይቆ ነበር። አብዛኛው መልስ ወደ ሌንሱ ስላዘነበለ፣ እኔ ባለፉት ዓመታት የሞከርኳቸውን አማራጮች አንድ በአንድ ላወዳድርለት ወደድሁ። መመዘኛዬ አንድ ብቻ ነው፦ የከፈልሁበት ነገር ያጠፋሁትን መልሶ ያሳየኛል ወይ?

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ማሰልጠኛን ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶግራፍና ቪዲዮ በሁለት ወይም በሦስት ወር አስተምረን የምስክር ወረቀት እንሰጣለን የሚሉ ተቋማት ጥቂት አይደሉም። ካሜራ ጨርሶ ይዞ ለማያውቅ ሰው ጥቅማቸው እውነተኛ ነው፤ አፐርቸርን (የሌንሱን ክፍተት)፣ ሻተርን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እና አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አስተባብሮ በማኑዋል ማንሳትን፣ አጠገብ ቆሞ «አሁን ጨለመብህ» ከሚል አስተማሪ መማር ከማንበብ ይቀላል። ቀድሞ እየሠራ ላለ ባለሙያ ግን ነገሩ ይለያያል። እኔ ከዓመታት በፊት በገባሁበት ማሰልጠኛ 22 ሰልጣኞች ሁለት ካሜራ እየተቀባበልን ነበር የተማርነው፤ ኤዲቲንግ የተባለውም አስተማሪው በፕሮጀክተር የፎቶ ጀርባ ሲቀይር መመልከት ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንዱን እንኳ ገልጦ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ካሜራ ለስንት ሰው እንደሚደርስ፣ በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ማንሳትና ማረም በትምህርቱ ውስጥ መኖሩን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰልጣኞች ሥራ በየሳምንቱ በክፍል ውስጥ ይገመገም እንደሆነ ጠይቁ። ለመጨረሻው ጥያቄ ግልጽ መልስ የሌለውን ማሰልጠኛ ዋጋው ቢረክስም አልመክረውም። የምስክር ወረቀቱ በተቋም ውስጥ ለመቀጠር ይጠቅም ይሆናል፤ ሙሽሮች ግን እስካሁን ሥራዬን እንጂ ወረቀቴን አሳየን ብለውኝ አያውቁም።

በእኔ ግምት ማሰልጠኛን የሚበልጠው ከእናንተ የተሻለ ለሚሠራ ባለሙያ አንድ የሰርግ ወቅት ረዳት መሆን ነው። ፍላሽ መያዝና ቦርሳ መሸከም ክብር የሚነካ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ትልቁ ትምህርት የሚገኘው በሰርጉ ዕለት ሳይሆን በማግስቱ፣ ከተነሱት 2,000 ፎቶዎች ውስጥ ለደንበኛው የሚሰጡት 300 ሲመረጡ አጠገቡ ስትቀመጡ ነው። ባለሙያው የትኛውን እንደሚጥልና ለምን እንደሚጥል ስትሰሙ፣ የእናንተም ጥፋት በዚያው አብሮ ይገለጣል። ክፍያው ትንሽም ቢሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ እናንተ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች በስማችሁ ማሳየት ትችሉ እንደሆነም በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው በዚህ ነውና።

በኢንተርኔት ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል በኮርሴራ ድረ ገጽ የሚገኙትን ሁለት እጠቁማለሁ። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከስልክ ካሜራ ተነስቶ እስከ ትልቁ ካሜራ በደረጃ የሚሄድ ሲሆን፣ በኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የሚያቀርበው ደግሞ ማንሳትን ሳይሆን ፎቶ ማየትን ያስተምራል። መክፈል ለማይችል ሰው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለ፤ ሞልታችሁ ጠብቁ። የሚሺጋኑ የተሻለ የሚሆነው የተማሪዎች ሥራ በሌሎች ተማሪዎች ስለሚገመገም ነው። ከዩቲዩብ የሚገኘው እጅግ ብዙ ቢሆንም ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ስትመለከቱት የተማራችሁ ይመስላችኋል እንጂ ማንም ሥራችሁን አያይም። ሁለተኛ፣ የሚናገሩት ስለ ሌላ አገር ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ በአውሮፓ በጋ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆየው ወርቃማ ብርሃን እኛ ዘንድ ከ40 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የጠዋት ፕሮግራም የያዘ ሰው ሙሽሮቹን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሳሎን ካስወጣቸው ብርሃኑ አምልጦታል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ሰርግ የሚበዛበት የሚያዝያ ቀን ላይ 6 ሰዓት ሲሆን ሜዳ መሐል የቆመች ሙሽራ የዓይኗ ጉድጓድ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ከዚህ የተነሳ ነው፤ መፍትሔውም በኋላ በኤዲቲንግ ጥቁሩን ማፍካት ሳይሆን ዛፍ ወይም በረንዳ ጥግ ማስጠጋት ነው።

የትኛውም የውጭ ትምህርት የማይነግረን ሌላው ጉዳያችን ነጭ ልብስና ጠይም ፊት በአንድ ፍሬም ውስጥ መገናኘታቸው ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል፤ ስለዚህ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞሉት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ከዚያም ፎቶ አንሺው ኮምፒዩተር ላይ ሁሉንም በአንድ ላይ ሲያፈካ የነጠላው ሽመናና ጥለት ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ለዚህ ምንም የማያስከፍል ልምምድ አለ። አንድ የቤተሰብ አባል ነጠላ ለብሶ በመስኮት ጥግ ይቀመጥ፤ ያለ ፍላሽ፣ በራው፣ መጀመሪያ ካሜራው ባለው መጠን፣ ቀጥሎ አንድ ስቶፕ (ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ) ጨምራችሁ፣ ከዚያም አንድ ስቶፕ ተኩል ጨምራችሁ አንሱ። ሦስቱን ኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን ከፍታችሁ የጥለቱ ክር የሚታይበትን፣ ፊቱም ሳይሻክር የሚፈካበትን ፈልጉ። በ14 ቢት የተቀረጸ ራው ፋይል በእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን ደረጃዎች ሲይዝ ጄፔግ (የተለመደው ተጨምቆ የሚቀመጥ ፋይል) 256 ብቻ ስለሚይዝ፣ ጥላውን ስታፈኩ ጄፔጉ ቶሎ የሚበጣጠሰው ለዚህ ነው። ፊቱን ብቻ በማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል መርጦ በሚያርመው መሣሪያ) ለይታችሁ አፍኩ፣ የነጩን ድምቀት ዝቅ አድርጉ፣ የቆዳውን ቀለም ግን አትንኩት። ጠይምን ሰው ማንጣት ማሳመር የሚመስለው ባለሙያ ብዙ ነው፤ ደንበኛዋ ያን ጊዜ ብትደሰትም ከዓመታት በኋላ እናቷን የማትመስል ሴት አልበሟ ውስጥ ታገኛለች።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ ብዙ ሰርግ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ላይትሩም ክላሲክ መሆኑን አልክድም፤ ብዙ ፎቶ በፍጥነት ለይቶ፣ የአንዱን እርማት ለመቶው ለማስተላለፍ የሚተካከለው ጥቂት ነው። ችግሩ ክፍያው በየወሩ በዶላር መሆኑ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው የዶላር ዋጋ በብር ሲመነዘር በጣም ከብዷል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ሁሉም ሰው የለውም። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ የሚከፍሉ ብዙዎች አሉ፤ እንደዚያ ከሆነ የሚታደስበትን ቀን መዝግቡ፤ በሰርግ ሰሞን መቋረጥ ያሳፍራል። በፍላሽ ዲስክ እየተገለበጠ የሚሰጠውን የተሰበረ (ያለ ክፍያ የሚሠራ ሕገ ወጥ) ቅጂ ግን አልመክርም፤ አንድ ወዳጄ ከዚያ በገባ ቫይረስ የሦስት ሰርግ ፋይል ተቆልፎበት ለደንበኞቹ ገንዘብ መልሷል።

በነጻ ከሚገኙት ዳርክቴብል ራው ለማረም ከላይትሩም ጋር የሚወዳደር ነው፤ እንዲያውም ማስኮቹ የበለጠ ረቂቅ ናቸው። ይሁን እንጂ ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕም ይዘገያል። አንድ ጾም ሙሉ ካልሰጣችሁት ትጠሉታላችሁ። ጊምፕ ጉድፍ ለማጥፋትና ለመሰለው የፎቶሾፕ ሥራ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 3.0 ደግሞ ፊልተርን ዋናውን ምስል ሳይነካ ማስቀመጥ ስለሚያስችል ከቀድሞው በእጅጉ ተሻሽሏል። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን የካሜራ አምራቾቹ ራሳቸው ነጻ ፕሮግራም እንደሚሰጡ ነው፤ የካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል፣ የኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮና የሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅ አሉ። ፈጣኖች አይደሉም፤ ቀለሙን ግን ካሜራው እንደሚያየው ስለሚከፍቱት፣ ለጀማሪ ከየትኛውም ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ ከሚገኝ የእርማት ቅንብር) የተሻለ መነሻ ይሰጣሉ። ፕሪሴት መግዛትን በተመለከተ አጭር አስተያየት ብቻ አለኝ፦ የሌላ ሰው ፕሪሴት ስሕተታችሁን ይሸፍንላችኋል እንጂ አያሳያችሁም። ፎቶውን ለሌላ ኤዲተር ልኮ ማሠራትም ሥራ ሲበዛ ያግዛል፤ ትምህርት የሚሆነው ግን ፋይሉን ከነእርማቱ መልሶ የሚሰጥ ኤዲተር ካገኛችሁ ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምመክረው ልምጣ፤ እርሱም ማሳተም ነው። ስክሪን ያሞግሰናል፤ ወረቀት አይራራም። የመጀመሪያዬን ትልቅ ኅትመት ከአንድ ማተሚያ ስቀበል የሙሽራዋ ፊት የበሰለ ቲማቲም መስሎ ነበር፤ ተቆጥቼ ስመለስ ባለሙያው ማሽኑ በራሱ ቀለም እንደሚያርም ነገረኝ። እርማቱ ተዘግቶ እንደገና ሲታተም ግማሹ ቅላት ጠፋ፤ የቀረው ግማሽ የእኔው የስክሪን ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ስትመርጡ ከዋጋው በፊት አውቶማቲክ እርማቱን ይዘጉላችሁ እንደሆነ፣ ወረቀቱ የትኛው እንደሆነና በደማቅ ወይም በደብዛዛ ገጽ ለናሙና ትንሽ ፎቶ ያትሙላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ፒያሳም ሆነ መርካቶ ብትሄዱ፣ ጥያቄውን ሰምቶ የማይበሳጭ ኦፕሬተር ካገኛችሁ አትልቀቁት። ፋይሉን በኤስ አር ጂ ቢ (sRGB በተባለው የተለመደ የቀለም ደረጃ) አዘጋጁ፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 8 ሜጋፒክስል ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ ካሜራችሁ ያንሳል ብላችሁ አትስጉ። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። በየወሩ አሥር ፎቶ በትንሽ መጠን አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ልታዩት የማትፈልጉት የትኛው እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። የስክሪን ቀለም ማስተካከያ መሣሪያ ለአንድ ሰው ውድ ስለሆነ፣ አምስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ብታስመጡት በየወሩ እየተቀባበላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ለዓይን ትምህርት ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቁ በሮች አሉ። የጎተ ኢንስቲትዩትና የአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ አዳራሾች የፎቶ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጁ ሂዱ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረቱት አዲስ ፎቶ ፌስት ሲካሄድም አያምልጣችሁ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ያለውን የቆየ የፎቶ ክምችት ለማየት ጠይቁ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው የተዉአቸውን ምስሎች ስትመለከቱ፣ እኛ በሦስት ፍላሽ የማናገኘውን የፊት ቅርጽ በጥቂት ብርሃን እንዴት እንዳገኙት ትገረማላችሁ። ከዘመናችን ባለሙያዎች ለጋዜጠኝነቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር የተሸለሙትን ሙሉጌታ አየነን፣ ለዝግታና ለጸጥታ ደግሞ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖባቸው ከሥዕል ወደ ካሜራ የመጡትን ሚካኤል ፀጋዬን እጠቁማለሁ። አንድ ፎቶ መርጣችሁ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ፎቶ አንሺው የት እንደቆመና ምን እንደተወ በማስታወሻ ጻፉ፤ በማግስቱም ለመድገም ሞክሩ።

«በስልክ ብቻ የምንሠራ ምን እናድርግ?» ላላችሁኝ፣ ስናፕሲድ የተባለው የስልክ ማረሚያ መተግበሪያ በነጻ ይበቃችኋል፤ የመስኮቱና የነጠላው ልምምድም በስልክ ይሠራል፤ ፊቱን ነክታችሁ የብርሃኑን መጠን ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ከሐዋሳ የጠየቁን እህት አካባቢያቸው ማሰልጠኛም ዐውደ ርዕይም እንደሌለ ገልጸዋል። ለእርሳቸው የምለው ሦስት ወይም አራት የሙያ ባልደረቦች ፈልገው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እያንዳንዳቸው አምስት የታተመ ፎቶ ይዘው ቡና ላይ እንዲገናኙ ነው፤ ፎቶው ሲገመገም ግን አንሺው ዝም ብሎ እንዲሰማ አስቀድመው ይስማሙ።

ጥያቄውን ላነሳው ወንድማችንም መልሴ ይኸው ነው፦ ሌንሱ ይቆይ። ከገንዘቡ ጥቂቱን ለኅትመት ያድርገው፣ ጥቂቱን ለመጠባበቂያ ሃርድ ዲስክ፤ እስከ ፋሲካ በዳርክቴብል ይልመድ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰርግ ሲጀምር ደግሞ ረዳት የሚሆነውን ሰው ሳይሆን እርሱ ራሱ ረዳት የሚሆንለትን ባለሙያ ይፈልግ።