የኤሌክትሮኒክ መሰንቆዬ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ? ከደሴ ነው። ጭራ የሌለው መሰንቆ እየሠራሁ ነው። በፈረስ ጭራው ፋንታ አንገቱ ላይ ጣት የተጫነበትን ቦታ የሚለይ ረጅም ጥብጣብ ሴንሰር ለጥፌያለሁ። ጣቴ ያረፈበትን ቦታ አርዱኢኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ) ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር አንብቦ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ በኤልኤም386 ማጉያ አልፎ ከአሮጌ ሬዲዮ በወጣ ስፒከር ይሰማል። ቆዳውን አልነካሁትም፤ ያለ ቆዳ ምኑን መሰንቆ ሆነ!

ችግሩ፣ ጣቴን አንድ ቦታ ላይ አጥብቄ ብይዝም ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በባትሪ ሲሆን ይሻላል። በአዳፕተር መብራት ላይ ስሰካው ግን ይብስበታል፤ ከሥር እምምም የሚል ጩኸትም ይጨምራል። ጣቴን ሳነሳ ዝም እንዲል ከሴንሰሩ መሃለኛ እግር ወደ ግራውንድ (የኃይሉ ዜሮ መስመር) 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስሬያለሁ፣ እሱ ሠርቷል። ማጉያው ኃይል መግቢያ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ባስገባም ለውጥ የለም። ንባቦቹን በኮድ አማካይ ሳወጣላቸው መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጣቴ ሲንሸራተት ድምፁ ዘግይቶ ይከተላል። የመሰንቆ ለዛ ደግሞ መንሸራተቱ ላይ ነው።

ድምፁን በፒያኖ ኖታ ላይ ቆልፈው ያሉኝ አሉ። አልፈልግም። የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶችን አዝማሪ በሚይዛቸው መልክ ነው የምፈልጋቸው።

ጩኸቱ የሚገባው ከአዳፕተሩ ነው ወይስ ማጉያውና ሴንሰሩ አንድ የግራውንድ ሽቦ ስለሚጋሩ? ድምፁን ሳያዘገይ የሚያረጋ ማጣሪያስ አለ? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል።