ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጥንድ ጠመንጃ፦ ሳልተኩሰው የቆየው የግራው ለምን ወደ ላይ ወጣ?

ባለጥንዱ፦
ሰላም ናችሁ። ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጥንድ አፈሙዝ ጠመንጃ አለኝ፣ 12 ጌጅ (የአፈሙዙ ስፋት ልክ)፣ በካፕ፣ ማለትም ሲመታ እሳት በሚሰጥ ትንሽ ቆብ፣ የሚተኮስ። ጠመንጃ ሠሪ ፈትሾት ጤነኛ ነው ብሎኛል። የማጎርሰው ጥቁር ባሩድ ነው፣ ባለ ሁለት ኤፍ (የቅንጣቱ መጠን መለያ ነው)፣ 5.5 ግራም ገደማ። ከዚያ ወፈር ያለ ካርቶን፣ ከዚያ ወፍራም የሱፍ ውታፍ፣ ከዚያ 28 ግራም የእርሳስ ፍሬ፣ በላዩ ስስ ካርቶን። እስከዚህ ሰላም ነው።

ግራ የገባኝ ሁለት ነገር ነው። ሁለቱንም አጉርሼ የቀኙን ብቻ ደጋግሜ ተኮስኩ። ግራውን አልነካሁትም። በኋላ የማጉረሻ ዘንጉን ብሰድበት፣ ሲጎርስ ከአፉ እኩል እንዲሆን ዘንጉ ላይ የቀረጽኩት ምልክት ከአፈሙዙ አፍ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ሳጎርሰው ግን ልክ ነበር! ሌላው፣ ወረቀት ላይ ስተኩስ ፍሬው ዳር ዳሩን ይበሳና መሃሉን ባዶ ይተወዋል። ባሩድ ብጨምር ይሻለዋል?

የዘንግ ምልክት፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ግራውን እንዳለ እንዳትተኩሰው። ሌላው ይደርሳል።

ያወጣው የቀኙ ርግጫ ነው። ጠመንጃው ድንገት ወደ ኋላ ሲመጣ ግራው ውስጥ ያለው እርሳስ አብሮ መምጣት አይፈልግም፤ ከባድ ነው፣ የያዘውም ያቺ ስስ ካርቶን ብቻ ናት። በአንዱ ተኩስ ትንሽ ይንሸራተታል፣ በሚቀጥለው ሌላ ትንሽ። ሁለት ጣት ከወጣ ውስጡ ክፍተት አለ ማለት ነው። ባሩዱ ሲነድ ያ እርሳስ መንገድ ላይ እንደተወተፈ እንቅፋት ሆኖ ይጠብቀዋል። ያኔ አፈሙዙ እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት ሠርቶ ያብጣል፣ ሲብስም ይቀደዳል። የምትደግፍበት እጅህ ያለው ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ አንዱን በተኮስክ ቁጥር፣ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት፣ ያልተተኮሰውን ካፕ ንቀል። ካፕ ባለበት ጠመንጃ አፍ ላይ ማጎንበስ የለም፣ አለቀ። ቀጥለህ ዘንጉን ያልተተኮሰው ውስጥ ሰድደህ እስከ ምልክቱ ድረስ ግፋው። አትደብድበው፣ ግፋው ብቻ። ዘንጉን በጣቶችህ ያዝ፣ መዳፍህን አናቱ ላይ አታሳርፍ፣ ፊትህንም ዘወር አድርግ። ዘንግህ ላይ ሁለት ምልክት ይኑርህ፣ አንዱ አፈሙዙ ባዶ ሲሆን፣ አንዱ ሲጎርስ። አንድ ብቻ ካለህ ዛሬውኑ ሁለተኛውን ቅረጽ።

አሁን እኔ የምወዳት ነገር፦ ዘንጉን እዚያው በጎረሰው ውስጥ ተወው። ባሩድ የምትጨምረው ዘንግ ወደሌለበት ነው። ወሬ ያዘህ፣ ሰው ጠራህ፣ ሐሳብህ ሄደ፣ ዘንጉ አይረሳም። አንዱን አፈሙዝ ሁለቴ ማጉረስ የጥንድ ጠመንጃ ትልቁ ጣጣ ነው፣ የሚደርሰውም በአዲስ ተኳሽ ላይ ብቻ አይደለም።

ባሩዱንም ከባሩድ መያዣው ቀንድ ወይም ከቆርቆሮው በቀጥታ አታፍስ። በመስፈሪያ ለካና ከመስፈሪያው ገልብጥ። ገና የተተኮሰ አፈሙዝ ውስጥ ፍም ሊቀር ይችላል። የመስፈሪያው ባሩድ ቢነድ እጅ ያቃጥላል፣ ሙሉ ቆርቆሮ ቢነድ ግን የሚተርፍ እጅ የለም። ትንሽም ታገስ፣ ማን ያሯሯጥሃል?

ሁለቴ ጓ፦
ምን ያጨናንቀዋል? ሁለቱንም ይተኩስ፣ ሁለቱንም ያጉርስ። ችግሩ በዚያው አለቀ።

የዘንግ ምልክት፦
ዒላማ ላይ እሺ። አደን ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምትተኩሰው አንዱን ነው፣ ሌላው እንደጎረሰ ይቀራል። ቀኝ ግራ እያፈራረቁ መተኮስም ጥሩ ነው፣ አንዱ ብቻ ርግጫውን ሲቀበል አይውልም። ቢሆንም ዘንጉን መስደድ አይቀርም። የላዩ ካርቶን አፈሙዙ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ካልገባ ደግሞ የትኛውም ዘዴ አያድንህም። በጣትህ ገፋ ስታደርገው ዝም ብሎ ከወረደ አንሷል፣ ሰፋ ያለ ቁረጥ።

ጭስ ወዳጅ፦
የመሃሉን ባዶነት እኔ ልመልስ። ባሩድ አትጨምር፣ ቀንስ። የእነዚህ የድሮ ጠመንጃዎች አፈሙዝ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ አልጠበበም፣ ፍሬውን የሚሰበስብለት ነገር የለም። ባሩድ ሲበዛ ጋዙና ያ ወፍራም ውታፍ ከኋላ መጥተው መሃሉን ሰንጥቀውት ያልፋሉ። ፍሬው ወደ ዳር የሚበተነው ለዚህ ነው።

የቆየው ደንብ ቀላል ነው፦ ባሩዱንም እርሳሱንም በአንድ መስፈሪያ፣ እኩል ስፈር። በክብደት ሳይሆን በይዘት እኩል። ለ12 ጌጅ 4.8 ግራም አካባቢ ባሩድ የሚይዝ መስፈሪያ ወደ 32 ግራም እርሳስ ይይዛል፣ ይኼ ለብዙ ጤነኛ ጠመንጃ የሚመች መካከለኛ ልክ ነው። ያንተ 5.5 በ28 ተገልብጧል፣ ባሩዱ በዝቶ እርሳሱ አንሷል። ከዚያ የሱፍ ውታፉን በግማሽ ቀንሰው፣ ቅባት ነገርም ቀባው፣ ጥላሸቱን ያለሰልሰዋል። ሁሉንም ባንዴ አትቀይር ግን፣ የቱ እንደሠራ አታውቅም። ትልቅ ወረቀት 25 ሜትር ላይ ስቀልና አንድ አንዱን እየቀየርክ እይ።

ጭስ አልባ ባሩድ ለዚህ ጠመንጃ በጭራሽ፣ ለሙከራም ቢሆን፣ «ትንሽ ብቻ» ተብሎም ቢሆን። ግፊቱ ሌላ ዓለም ነው።

ባለጥንዱ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ካፑን ነቅዬ ግራውን መልሼ ገፍቼዋለሁ፣ ምልክቱ ልክ ገባ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠዋት የመጀመሪያው ተኩስ አንዳንዴ ይከሽፋል። ካፑ ጧ ይላል፣ ባሩዱ ዝም።

የዘንግ ምልክት፦
ዘይት ነው። ስታስቀምጠው የቀባኸው ዘይት ካፑ የሚቀመጥባት ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። ከማጉረስህ በፊት ዘይቱን ከውስጥ ጥረግ፣ ከዚያ በባዶው ካፕ ብቻ አድርገህ ተኩስ፣ ሁለቱንም። አፈሙዙን ወደ መሬት፣ አንድ የሣር ቅጠል አጠገብ አድርገህ ነው የምትተኩሰው። ሣሩ ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳው ክፍት ነው። ካልነቃነቀው በቀጭን ሽቦ ጠርገህ ድገም።

ከከሸፈ ደግሞ ቶሎ አታውርደው። ባሩዱ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ወደ ዒላማው እንዳነጣጠርክ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቁም፣ ከዚያ አዲስ ካፕ አድርግና ሞክር። ማታ ማታ ደግሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠበው፣ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረቱን ሲበላው ያድራል።

ሁለቴ ጓ፦
እሺ ተሸነፍኩ 😄 የፊተኛው ቃታ የቀኙን ነው አይደል?

የዘንግ ምልክት፦
አብዛኛው አዎ፣ የኋለኛው የግራውን። ያንተን ግን ባዶውን አቀባብለህ ራስህ አረጋግጥ።