ማንን ልምረጥ የሚሉትን የኢንተርኔት መጠይቆች ታምናላችሁ?

ዮኒ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ምርጫ ሲደርስ "ሐሳብዎ ከየትኛው ፓርቲ ጋር ይቀራረባል?" የሚሉ መጠይቆች ይወጣሉ አይደል? አንዱን ሞልቼ በጭራሽ ያላሰብኩትን ፓርቲ አንደኛ አወጣልኝ። ውጤቱን ልከተል ወይስ ልተወው?

ሜላት፦ አትተወው፣ ዝም ብለህም አትከተለው። መጀመሪያ ማን እንዳዘጋጀው እይ። ጀርመን ውስጥ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቫል-ኦ-ማት የሚባለው መጠይቅ የሚዘጋጀው በመንግሥት የሥነ ዜጋ ትምህርት ተቋም ነው፤ 38 ሐሳቦች ይቀርቡልሃል፣ የፓርቲዎቹን አቋም የሚሞሉት ደግሞ ፓርቲዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ምክንያታቸውንም ጽፈው ታገኘዋለህ። እኔ ከመቶኛው ይልቅ ያንን ማብራሪያ ነው የማነበው። አዘጋጁ የማይታወቅ መጠይቅ ከሆነ ግን እለፈው።

ታዛቢው፦ ሜላት ልክ ናት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ክብደቱ። በብዙ ጥቃቅን ነገር ተስማምቶህ፣ አንተ የሞት ሽረት በምትለው አንድ ጉዳይ ግን ተቃራኒህ የሆነ ፓርቲ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። አንዳንዶቹ ላይ ዋና የምትላቸውን ጥያቄዎች ምልክት አድርገህ እጥፍ ማስቆጠር ይቻላል፣ እሱን ሳትጠቀም ውጤቱን አትመን። ደግሞ መጠይቁ የሚለካው ፓርቲው ዛሬ የሚለውን ነው እንጂ ባለፈው ቃሉን መጠበቁን አይደለም! የፓርቲው እጩ ብቁ ይሁን አይሁንም አይነግርህም።

ሊሊ፦ ስልክ ቁጥርና ስም የሚጠይቅ ከሆነ በፍጹም እንዳትሞላ። የፖለቲካ አቋምህን ነው ለማታውቀው ሰው የምትሰጠው።

ዮኒ፦ እኔ የሞላሁት መጠይቅ ስልክ ቁጥር አልጠየቀም፣ ማብራሪያም አለው። ክብደቱን አስተካክዬ እንደገና እሞላዋለሁ፣ ከዚያ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡትን ፓርቲዎች ማኒፌስቶ አነባለሁ። አመሰግናለሁ።