የጥቅምት የፊልም ምሽቶች ዕቅድ፦ የትኞቹን የድሮ ፊልሞች እናሳይ?

የፕሮግራም ኃላፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ የጠቆማችኋቸውን ፊልሞች ደግሜ አየኋቸው። የተሰማኝን በግልጽ ልንገራችሁ፤ ከዚያ ሐሳቡን አብረን እናስተካክለው።

መክፈቻችን የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይሁን። «ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሰው ይሰለቸዋል» ብላችኋል። እውነት ነው፣ ይረዝማል። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። በሬ ሲጠመድ፣ ሰው ዳገት ሲወጣ፣ ካሜራው ፈጽሞ አይቸኩልም። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን የገበሬዎቹ ድካም እኔም ትከሻ ላይ ወጣ። ባለርስቱ ተቀምጦ ሲሳደብ፣ ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ፣ አያቴ ስለ ጭሰኝነት የምታወራው ሁሉ ትዝ አለኝ። የተቀረፀው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው በቀጣዩ የካቲት ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲነሣ እንደዚያ ያለው ባለርስት ገና አልተሻረም ነበር። ደግሞ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ትልልቆቹ ጽሑፍ ለማንበብ አይቸገሩም።

ሁለተኛ «ማዘር ኢንዲያ»ን አስቤያለሁ። የ1957 (እ.ኤ.አ.) የህንድ ፊልም ነው። ዘፈኑ በዝቷል፣ መጨረሻው አካባቢም ይንዛዛል። ግን ተዋናይቷ ናርጊስ በአራጣ አበዳሪ ዕዳ ተይዛ ራሷ ሞፈር ስትጎትት ማየት ከ«ምርት» ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነገር ነው። ሁለቱም መሬትን ይዘው ነው የሚያወሩት። በተከታታይ ሳምንት ብናሳያቸው ከፊልሙ በኋላ የምናወራው አይጠፋም።

ሌላውን የህንድ ፊልም «ሾሌይ»ን ግን አልደግፍም። ሽፍታውን የሚጫወተው አምጃድ ካን ገና ብቅ ሲል ሰው ፀጥ እንደሚል አውቃለሁ። የወህኒ ቤቱ ኃላፊ ቀልድ ግን ታሪኩን ያጓትተዋል። ከሦስት ሰዓትም በላይ ነው። ባለፈው ዓመት ረጅም ፊልም ዘግይተን ጀምረን፣ ባጃጅ ጠፍቶ እናቶች ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ድረስ በእግራቸው መመለሳቸውን አልረሳሁትም።

ጋሼ (ነባር አባል)፦
ልጄ፣ በ«ሾሌይ» ላይ ጨከንሽበት። እኛ ሂንዲ አንድ ቃል ሳናውቅ ነው አልቅሰን ያየነው። ጓደኛ ለጓደኛው ሲሞት ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። በእሑድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ብታደርጉትስ? ባጃጅ እስከ ማታ አለ።

የፕሮግራም ኃላፊ፦
ጋሼ፣ እሑድ ከሰዓት ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። እውነትዎን ነው። የእኔ ችግር ሰዓቱ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
ዝናቡስ? ጅማ ክረምት ወጣ ብላ አታርፍም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስፒከሩ አይሰማም። እንደገና ትልቅ ስፒከር መከራየት አንችልም።

አዲስ አባል፦
ለዝናብ ቀን የቻርሊ ቻፕሊን «ሞደርን ታይምስ» ይቀመጥ። የ1936 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ያ ሰውን የሚያጎርሰው ማሽን የቻፕሊንን ፊት ሲመታው ልጆች ዝናቡን ይረሱታል። እኔ ደግሞ የጣሊያኑ ፊልም «የብስክሌት ሌቦች» እንዲገባ እለምናለሁ። አባትየውን የሚጫወተው ተዋናይ አልነበረም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የሚሠራባት ብስክሌት ከተሰረቀች በኋላ ልጁ እያየው እሱም ለመስረቅ ሲሞክር... እዚህ ባጃጁ የእንጀራው ገመድ የሆነ ሹፌር ያን ትዕይንት ልቡ ሳይነካ አያልፈውም። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

የፕሮግራም ኃላፊ፦
ሁለቱንም ተቀብያለሁ። የሹፌሮቹን ማኅበር እንጋብዝ። የኃይሌ ገሪማን ሌላ ፊልም «ቴዛ»ን ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለስ ረጋ ያለ ውይይት ይፈልጋል።

እንግዲህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው እንዲህ ነው፦ ሦስት ቅዳሜ ከ11 ሰዓት ጀምሮ «ምርት»፣ «ማዘር ኢንዲያ» እና «የብስክሌት ሌቦች»፤ በመጨረሻው እሑድ ከምሳ በኋላ «ሾሌይ»፤ ዝናብ ከጠናብን «ሞደርን ታይምስ» ይተካል። ከበጀቱ መጀመሪያ የማሳያ ፈቃድ ይከፈል፣ ቀጥሎ የጄኔሬተር ነዳጅ። በርጩማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አዳራሹ ያለው ወንበር 40 ብቻ ነው። ማስተካከያ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
እስማማለሁ። ነዳጁን እኔ እጠይቃለሁ።