ለ15 ዓመት ልጄ የመጀመሪያ ሊድ ጊታር፦ በ350 ዶላር የቱ ይሻላታል?

ጥያቄ፦ የልጅቷ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በአክስቷ ልጅ ቦክስ ጊታር ስትለማመድ ቆይታለች። አሁን ወሬዋ ሁሉ ሊድ ጊታር ሆኗል። እኔ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ምንም አላውቅም። ግን የቤት ሥራዋን ጨርሳ ጣቷ እስኪላጥ ስትለማመድ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልገዛላት ወስኛለሁ።

ወንድሜ ለገና ከቨርጂኒያ ይመጣል። "የቱን እንደምገዛ ብቻ ንገሪኝ" ብሎኛል። ያለን ገንዘብ በጠቅላላ 350 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ አቅማችን አይፈቅድም። ጊታሩ፣ ስፒከሩ፣ ኬብሉ ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ አለ ብሎኛል። እሱ ይሻላል? ደግሞ ልጄ ግራኝ ናት። የግራ እጅ ጊታር መፈለግ አለብን? የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽም ሰግቻለሁ።

መልስ፦ ጊታር አስተማሪ

እህቴ፣ መጀመሪያ የግራኝነቷን ጉዳይ እንጨርስ። ሌላውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። በአክስቷ ልጅ ጊታር ስትጫወት ክሩን የምትመታው በየትኛው እጇ ነው? በቀኝ ከሆነ እንዳትነኪያት። እንደለመደችው ትቀጥል። ሁለቱም እጆች ይሠራሉ። ፍሬት ላይ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች መካከል ክሩን የሚጫነው ግራ እጅ ደግሞ ከባዱን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ለግራኝ ልጅ ይሄ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። የግራ እጅ ጊታር ምርጫው ጥቂት ነው። እዚህ አገር ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ነገ የጓደኛዋን ወይም የቤተክርስቲያን ጊታር አንስታ መጫወትም አትችልም። ገልብጣ እየያዘች ከሆነ የለመደችው ግን ንገሪን፣ ያኔ ሌላ ነገር እናስባለን።

ወደ ጊታሩ ስንመጣ፣ በ200 ዶላር አካባቢ ሳልፈራ የምመክረው ሁለት ነው። አንዱ ስኳየር ሶኒክ ስትራቶካስተር ነው። ስኳየር የፌንደር ኩባንያ የርካሽ ጊታሮቹ ስም ነው፤ ከ1982 ጀምሮ አለ። ሁለተኛው ያማሃ ፓሲፊካ 012 ነው። ለልጅሽ እኔ ብሆን ያማሃውን እገዛላታለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ። በክሩ ሥር የሚታዩት ድምፅ ተቀባዮች ፒካፕ ይባላሉ። ስኳየሩ ሦስት ቀጫጭን ነጠላ ፒካፕ አለው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ግን የመብራት መስመር አጠገብ "ዝዝዝ" ማለት ይወዳል። ያማሃው ግን ሁለት ነጠላ ፒካፕ አለው፤ በብሪጁ በኩል፣ ማለትም ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ በሚያርፉበት በኩል፣ ደግሞ አንድ ድርብ ፒካፕ ተጨምሮበታል። ድርቡ ያንን ዝዝታ ያጠፋል፣ ወፈር ያለ ድምፅም ይሰጣል። ስለዚህ ጥርት ያለውንም ወፍራሙንም ከአንድ ጊታር ታገኛለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ፍሎይድ ሮዝ የሚባል፣ ክሩን በብሎን ቆልፎ የሚይዝ ብሪጅ ያለው ጊታር እንዳይገዛ። አንድ ክር ሲበጠስ የሌሎቹ ሁሉ ቅኝት ይናጋል። ጀማሪ ልጅ ግማሽ ቀኗን ስትቃኝ ታሳልፋለች።

መልስ፦ አምፕ ጠጋኝ

እባክሽ እህቴ፣ ካርቶን ውስጥ የታሸገውን ፓኬጅ አታስገዢ። ይሄን የምለው ጠረጴዛዬ ላይ በየጊዜው የማየው ነገር ስለሆነ ነው።

ጊታሩ ራሱ መብራት አይፈልግም። ፒካፕ ማለት ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ እሱ ራሱ ትንሽ ሞገድ ያመነጫል። የትም አገር ቢገዛ የትም ይሠራል። ችግሩ አምፑ ነው፤ አንቺ ስፒከር ያልሽው፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ማለቴ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እዚያ ከሚሸጠው ፓኬጅ ጋር የሚመጣው ትንሽ አምፕ ብዙውን ጊዜ ለ120 ብቻ የተሠራ ነው። ሰው በደስታ ከፍቶ ቀጥታ ዲቫይደር ላይ ይሰካዋል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይሸታል። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ልክ እንደዚህ የተቃጠለ አምፕ ይዘውልኝ መጡ። ልጃቸው አብሮ ቆሞ ነበር፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ነዶ ነበር። ጠምጥሜ ሠራሁላቸው፣ ግን የጥገናውና የጊዜው ወጪ ሲደመር አዲስ ትንሽ አምፕ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ ወንድምሽ ጊታሩን ብቻውን ይግዛ። አምፑን በባትሪ ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ ያድርገው። ቦስ ካታና ሚኒ በስድስት ትንንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ብላክስታር ፍላይ 3ም እንደዚያው። መብራት ሲጠፋ እንኳን ልጅሽ መለማመዷን አታቋርጥም። ቻርጀር ያለው ከሆነ ጀርባው ላይ "100–240 ቮልት" የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያንብብ። 120 ብቻ ካለ ይተወው።

የግድ ፓኬጁ ተገዝቶ ከመጣ 220ን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከዚሁ ይገዛል። አቅሙ አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋት በደንብ የበለጠ መሆን አለበት።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እኔ ለእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ይዤ ሄጃለሁ። የወንድምሽን ሥራ የሚያቀሉ ጥቂት ነገሮች ልበል።

ዋጋው ላይ የተጻፈው መጨረሻ አይደለም። ሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ይጨመራል። 200 ዶላር የተባለው 212 ይሆናል። ይሄን ከበጀታችሁ ቀንሱ።

ያገለገለ ጊታር እዚህ በደንብ ይገኛል። ብዙ ልጅ ገዝቶ ሁለት ወር ሳይጫወት ይሸጠዋል። በዚያው 200 ዶላር ከ012 አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ፓሲፊካ 112 ያገለገለ ማግኘት ይቻላል። ግን ወንድምሽ ጊታር የማይጫወት ከሆነ ሱቅ ሄዶ፣ መመለሻ ቀን ካለው ቦታ ይግዛ። ከማያውቀው ግለሰብ በስልክ ተደዋውሎ መንገድ ላይ እንዳይቀበል። ሱቅ ውስጥ ሻጩን ሰክቶ እንዲያሰማው ይጠይቅ። የድምፁን ቁልፍ ሲያዞር ከተንኳኳ ወይም ድምፁ ከተቆራረጠ ይለፈው። እጁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ያንሸራት፤ የፍሬቱ ጫፍ ቢቧጥጠው ልጅቷንም ይቧጥጣታል።

ለጉዞ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ይግዛ። ክሮቹን ትንሽ ያላላ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይፍታ። አየር መንገዱን አስቀድሞ ደውሎ ጊታር ይዞ ካቢን መግባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። አምፑ ውስጡ የሚሞላ ባትሪ ካለው በእጅ ሻንጣ ይያዘው።

የልጅቷ እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የአምፑን ነገር ባልጠይቅ ኖሮ ገንዘቡ ጭስ ሆኖ ነበር። ልጄን ጠየቅኋት፤ የምትመታው በቀኝ እጇ ነው። ስለዚህ የግራ እጅ ጊታር ቀርቷል። አሁን ደግሞ ጫፉ ሹል የሆነ ጥቁር ጊታር በስልኳ እያሳየችኝ ነው። መጫወት የምትፈልገው ሮክ ነው ትለኛለች፣ ግን ማታ ማታ የምሰማት ትዝታ ስትሞክር ነው። ሹሉ ይሻላታል?

መልስ፦ ባንድ ውስጥ የምጫወት

ትዝታ ከሆነ የምትሞክረው እኔ ከአስተማሪው ትንሽ ልለይ። ለእኛ ዜማ ስኳየሩን እመርጣለሁ። የነጠላ ፒካፕ ድምፅ እንደ ክራር ጥርት ብሎ ይነጠላል። የእነ ሰላም ስዩምን የሮሃ ባንድ ጊታር ልብ ብላ ትስማ። ጊታሩ ዘፋኙን እየተከተለ ይመልስለታል፤ ለዚያ እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ መሰማት አለባት። ያማሃውም ግን የፒካፕ መራጩን ማብሪያ ወደ ነጠላዎቹ ካደረገችው ያን ያህል አይርቅም። ሁለቱም ያስኬዷታል።

ከጊታሩ ስም ይልቅ ክሩ ላይ ብትጠነቀቁ ደስ ይለኛል። ቀጭኑ ክር 9 የሚል ቁጥር ያለው ስብስብ ይግዛ። የእኛ ዜማ ኖታውን ገፋ፣ ሳብ ማድረግ ይፈልጋል። በወፍራም ክር የ15 ዓመት ልጅ ጣት ቶሎ ይደክማል። ሁለት ሦስት ስብስብ ተጨማሪ ይዞ ይምጣ፤ ቀጭኑ ክር መበጠሱ አይቀርም።

ሜጀሩን ትዝታ ከዶ ብትጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ዝቅ ስታደርጋቸው የሐዘኑ ትዝታ ይመጣል። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ይሄን በጊታሩ አንገት ላይ ከላይ እስከ ታች ትፈልገው። ሮኩም በአምስት ኖታ የተሞላ ነው፣ ጣቷ አይባክንም።

ሹሉ ጊታር ቁጭ ብሎ ጭን ላይ አይረጋም። ለመለማመድ አይመችም። ጥቁሩን ቀለም ግን አትከልክያት። ዓይኗ የወደደውን ጊታር ነው ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታነሳው።

መልስ፦ ዓምና የጀመርኩ

እትዬ፣ እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ የምኖረውም ኮንዶሚኒየም ነው። ስለ ጎረቤት አይጨነቁ። ጊታሩ ላይ ቀጥታ የሚሰካ፣ ክብሪት ሳጥን ከፍ ያለ የሚያክል ነገር አለ፤ ቮክስ አምፕላግ ይባላል። በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፣ የጆሮ ማዳመጫ ይሰካበታል። እኔ ማታ 5 ሰዓት ላይ ስጫወት እናቴ አጠገቤ ተኝታ አትሰማኝም። ክሩ ብቻ ቲክ ቲክ ይላል።

አንድ የጎዳኝ ነገር ልንገርዎት። ጊታሬ ሲመጣ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ጥፋቱ የጣቴ ድካም መስሎኝ አለቀስኩ። የሚያውቅ ሰው በ20 ደቂቃ ዝቅ አደረገልኝ፤ በማግስቱ ያቃተኝን ኮርድ ያዝኩት። እባክዎ እንደመጣ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩላት።

መልስ፦ አምፕ ጠጋኝ

የ17 ዓመቷ ልጅ ልክ ናት። እንጨት አየር ሲቀየርበት ይንቀሳቀሳል። ከቦርሳው ወጥቶ ክሩ ከተቃኘ በኋላ አንድ ቀን ይቀመጥ፣ ከዚያ ይለካ። 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር ወደ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ግን ልጅሽ ራሷ አታጥብቀው። እሱ በሩብ ዙር በሩብ ዙር የሚነካ፣ የለመደ እጅ የሚፈልግ ነገር ነው።

የልጅቷ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከወንድሜ ጋር ደውለን ጨርሰናል። ጊታሩ ከነግብሩ 212፣ ጊታሩ ላይ የሚሰካው ትንሹ አምፕ፣ ቦርሳ፣ ማንጠልጠያ፣ ሦስት ስብስብ 9 ቁጥር ክርና ፒክ (ክሩ የሚመታበት)። ኬብሉም ይመጣል፣ ትልቅ አምፕ ግን ለጊዜው ይቆይ ብለናል። የሚተርፈውን እዚህ ክሩን ለሚያስተካክል ሰው አስቀምጫለሁ። ያማሃ ወይስ ስኳየር የሚለውን ለልጄ ተውኩት። ሁለቱንም በስልኳ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማ አመሸች። ያማሃ አለችኝ፣ ሰማያዊው።